የሐሙስ ስለት

ሟቹ ጨረታ አሸንፈው ነበር።

ይህን የነገረን ኮምፒውተራቸው ነው። ወደ ፀጉር ቤቱ ጓዳ ስንገባ ስክሪኑ ላይ በትልልቅ አረንጓዴ ፊደል «እንኳን ደስ አለዎት፤ አሸናፊው እርስዎ ነዎት» የሚል ጽሑፍ በርቷል። አሸናፊው ከወንበራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አንገታቸው በግራ በኩል ተቆርጧል፤ የቆረጣቸው ታጣፊ ምላጭ እግራቸው ሥር ተጥሏል። በፖሊስነት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ሬሳ እንኳን ደስ አለህ ሲባል ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ጺም ሲላጩ ኖረው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራ ቀንሰው አሮጌ ምላጭ በመሰብሰብ የተጠመዱ ሰው ናቸው። የጓዳው ግድግዳ ዙሪያውን የመስታወት መደርደሪያ ነው። የቀንድ እጀታ፣ የአጥንት እጀታ፣ የእንጨት እጀታ ያላቸው ምላጮች ተወልውለው ተደርድረዋል። አቧራ ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም።

ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት። ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ እራት ልታበላቸው ጎራ ስትል ነው። ሞት የማታውቅ ሰው አይደለችም፤ የራስ ሲሆን ግን ሙያ አይረዳም። ጉልበቷን አቅፋ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ ምላጭ የሚገዛው በኢንተርኔት ጨረታ ነው» አለችኝ። «ዛሬ ሐሙስን ነበር የሚጠብቀው።»

«ዛሬ ሰኞ አይደል እንዴ?» አለ ምክትሌ።

ምክትሌን በጣቢያው «ቶሎ» ነው የምንለው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎ ይሳሳታል። ልቡ ግን ንጹሕ ነው።

«ሐሙስ ምላጭ ናት» አለች ልጅቱ፤ ጠረጴዛው ላይ ወደተከፈተው ሣጥን እያመለከተች። ሣጥኑ ውስጡ ቀይ ከፈይ ነው፤ ሰባት ማረፊያ አለው። የአያቷ ነበር። በእያንዳንዱ ምላጭ ጀርባ ላይ የቀን ስም ተቀርጿል። አንዷ ስትሠራ ስድስቱ እንዲያርፉ ነው የተሠሩት። ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ የወደቀውን አየሁ፤ ጀርባው ላይ «ማክሰኞ» ይላል። ምላጭ የሚሳልበት ቆዳ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ የነገዋን ምላጭ የሚስሉት ዛሬ ነው አሉ።

የማክሰኞ ቦታ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። የሐሙስም ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ሐሙስ የተሰረቀችው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው» አለች። «አሁን ድንገት ጨረታ ላይ ወጣች። የሰረቃት ያ ነው።»

በመስኮቱ አሻግራ ከመንገዱ ባሻገር ያለውን የተዘጋ ፀጉር ቤት አሳየችን። ባለቤቱን ሰው «ማዶ» ይለዋል። የጋሼ ተለማማጅ ነበር። ሐሙስ ስትጠፋ ጋሼ ሌባ ብለው አባረሩት፤ እሱም እልህ ይዞት ፊት ለፊታቸው የራሱን ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሲኖሩ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

የሟቹን ደረት ኪስ ስፈትሽ መነጽራቸውን አገኘሁ። ማኅደሩ ውስጥ ተከድኗል።

«ያለ መነጽር ያያሉ?»

«አባዬ? ያለ መነጽር አውራ ጣቱንም አያይ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ አደረገው። ጨረታው የተዘጋው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ በጋሼ አካውንት እስከ መጨረሻው ድረስ ዋጋ ሲገባ ነበር።

«ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበሩ» አለ ቶሎ። «የተገደሉት ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን ተጫራች ስም ይዩልኝ፣ አለቃ።»

ሁለተኛ የወጣው ተጫራች ስም «ማዶ» ነበር።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ቶሎ ምስክር ይዞልኝ መጣ። የማዶ ፀጉር ቤት ከልብስ ሰፊዋ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«እኔ በሰው ላይ ክፉ አልናገርም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከዚያም ክፉውን ሁሉ ተናገረች። ማዶ ሰኞ ከምሳ በኋላ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። እሷ ክር ለመቀየር የስፌት መኪናዋን ስታቆም በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «‹ዛሬ ስለቱን አስገባለሁ፤ እገላገላለሁ› አለ። በዚህ ጆሮዬ! ሰውነቴ ነው ውሃ የሆነው።»

ማዶን አስመጣነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። ቶሎ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ጨረታ ላይ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ጨረታ ከማን ጋር ይሆናል?»

«ተሸነፍክ።»

«ተሸነፍኩ።»

«‹ዛሬ ስለቱን አስገባለሁ› ብለሃል አላልክም?»

ማዶ ቀና አለ። «ብያለሁ። ስለት ነው ያልኩት። ስለት!»

«አመነ!» አለ ቶሎ፤ ብዕሩን ሊሰብረው ነበር።

ማዶ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «እኔ የምናገረው የለኝም፣ እትዬ» አለኝ። «ያኔም ተናግሬ የሰማኝ የለም።»

የጣቢያው አዛዥ ደስታውን አልደበቀም። የቆየ ቂም አለ፣ የጨረታ ሽንፈት አለ፣ ዛቻ አለ። «ነገ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ» አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ያ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ሌባ ሲባል ኖሯል። ነገ ጠዋት እኔ ስፈርም ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፤ ይህን ስም ከላዩ የሚያወርድለት አይገኝም። ያ መነጽርም ከነማኅደሩ ዐይኔ ላይ ቀርቷል። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ያለችውን ጊዜ ለራሴ ወሰድኳት።

* * *

የሟቹ ታናሽ ወንድም ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ቤቱ ያስታውቃል። ማንኪያው በመጠን በመጠኑ ተሰልፏል፤ ያለቀ የሳሙና ቁራጭ እንኳ ከሌላ ቁራጭ ጋር ተጣብቆ ያገለግላል። የሱፍ አበባ ባለበት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ሻይ አቀረበልኝ። ዐይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ወንድም ጋሼ ለኔ አባትም ነበሩ» አለ። «መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር የሚሉት ነገር ጠላታቸው ነበር። የጨረታውን አካውንት የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ምነው እጄን በቆረጠው! ያ ሌባ ተከትሏቸው ገባ።»

የሻይ ብርጭቆዬን ለማስቀመጥ መሐል ላይ የነበረውን ከባድ የመስታወት የሲጋራ መተርኮሻ ገፋ አደረግኩት። እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ ወደ ቦታው መለሰው።

«ያጨሳሉ?»

«ኧረ እኔ! ለእንግዳ ነው።»

«ሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ? ለወጉ ነው የምጠይቀው።»

«ይጠይቁ እንጂ፤ ሥራዎ ነው። የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ነበረን። ከስምንት ተኩል ጀምሮ እስክንበተን ድረስ እዚያው ነበርኩ። ስንበተን ጀንበር ልትጠልቅ ነበር።»

ከዚያው ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄድኩ። ሽማግሌው ነገር ያበዛሉ፤ ያሉት ግን ግልጽ ነው።

«ነበሩ። አካላቸው ነበር ማለቴ ነው፤ ልባቸው ስልካቸው ውስጥ ነበር። ስለ መድኃኒት ዋጋ እየተነጋገርን እሳቸው በጣታቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። ‹ስልክ ይቀመጥ› ብዬ በጉባኤ ፊት አሳሰብኩ። ምን ያደርጋል፣ እንደ ጎረምሳ ጠረጴዛ ሥር ደበቁት።»

«ከአዳራሹ አልወጡም?»

«ለሽንት እንኳ አልወጡም። በኛ ዕድሜ ይህ ራሱ ተአምር ነው።»

ስለዚህ ወንድምየው ከደሙ ንጹሕ ሆነ። ጋሼ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ከነበሩ፣ እሱ ደግሞ ከስምንት ተኩል ጀምሮ በሰው መሐል ከነበረ፣ በምን ክንፉ በሮ ይገድላቸዋል?

* * *

አንድ ሌላ ሰው ነበር። ጨረታው ላይ ስሙ «ንጉሠ ጺም» ነው። ለጋሼ በላካቸው መልእክቶች «አንድ ቀን እጄ ይግባልኝ እንጂ፣ በራስህ ምላጭ ነው የምላጭህ» የሚል አለበት። ቶሎ ማዶን ቶሎ መልቀቅ ስላልፈለገ ይህን ሰው አልወደደውም። እኔ ወደድኩት። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ።

ንጉሠ ጺም በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ የሚኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ከሰዓት ሙሉ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩም አረጋገጡልኝ። ስለ ጋሼ ሞት ነገርኩት።

«ስንሰዳደብ ነው የኖርነው» አለ። «መልካቸውን አላውቀውም። ግን በየማለዳው መጀመሪያ የማስበው እሳቸውን ነበር። ዛሬ ምን አዩ? ምን ሊገዙ ነው? እያልኩ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ለካ ለዚያ ነው። ያመማቸው ነበር ማለት ነው።»

«ምን ለዚያ ነው?»

«ሰኞ ዕለት የጋሼ አጫራረት ጤነኛ አልነበረም። በእረፍት ሰዓት በስልኬ አይ ነበር። አንዱ ትንሽ ሲጨምር እሳቸውም ትንሽ፣ ሌላው ሲጨምር እሳቸውም። እንደ ጀማሪ! ጋሼ እኮ እስከ መጨረሻው ድምፃቸው አይሰማም። ልክ ሊዘጋ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። ‹ጨረታ ላይ የሚናደድ ሰው የሚላጨው ኪሱን ነው› ብለው የሰደቡኝ እሳቸው ናቸው።»

የተሸናፊ ወሬ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ተሸናፊ ሁልጊዜ አሸናፊው አብዷል ይላል።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ባልደረባችን የዚያን ጊዜ በሬን አንኳኳች። ልጇ ከቀዶ ጥገና ተርፎ ከሆስፒታል የወጣላት ሴት ናት።

«አለቃ፣ ነገ ግማሽ ቀን ይፍቀዱልኝ።»

«ነገ ሥራ ይበዛል። ምን ልትሆኚ ነው?»

«ስለት አስገባለሁ። እንደተሳልኩ ቀረሁ እኮ፤ ላስገባና ልገላገል።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ምናልባት የምከለክላት መስሏት ፊቷ ጠቆረ። ተነሥቼ ግንባሯን ሳምኩት።

«ሙሉ ቀን ውሰጂ» አልኳትና ወደ ማቆያው ክፍል ሮጥኩ።

* * *

ማዶ አግዳሚው ላይ ጉልበቱን ታቅፎ ተቀምጧል። ሻይ ይዤለት ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቶሎ በሩ ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አልኩት። «ስለት ያልከው የምላጩን ስለት ነው ወይስ የተሳልከውን?»

ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«የተሳልኩትን ነው እንጂ! ‹ስለት ነው ያልኩት› ብዬ ብነግረው ‹አመነ› ብሎ ጻፈብኝ።»

ቶሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ስለት ሁለት ፊት እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቃል። ሬሳ አጠገቡ ሲኖር ግን አንዱ ፊት ብቻ ነው የሚታየው።

«ለማንስ ነበር የምታወራው?»

«ለሚስቴ። ስለት ሳይገባ አይወራም፤ ለሷ ብቻ ነው የነገርኳት። ጋሼ ያባረሩኝ ዕለት ነው የተሳልኩት። ሐሙስ ከተገኘች በገዛ እጄ ወደ ሣጥኗ እመልሳታለሁ፣ ጋሼንም በሷ እላጫቸዋለሁ ብዬ። ያኔ ሐሙስ ሐሙስ እሳቸውን የምላጨው እኔ ነበርኩ። እጄን ያፍታታሁት በሳቸው ጉንጭ ነው።» ጣቶቹን ተመለከተ። «ገዝቼ ላመጣላቸው ነበር፣ እትዬ። ሌባ ዕቃ ገዝቶ ይመልሳል?»

ሻዩን እንዲጠጣ ጠበቅኩት።

«ታዲያ ለምን ከፍ አድርገህ አልሰጠህም?»

«ጋሼ ያስተማሩኝ ነው፤ ሰላም ባንባባልም ጨረታው ገጽ ላይ ለጀማሪ የሚጽፉትን ምክር ሁሉ አነባለሁ። ዋጋህን ጠዋት በባዶ ሆድህ ወስን ይላሉ፤ ጨረታው ሲሞቅ የሚወስነው ጭንቅላትህ አይደለም። እስከ መጨረሻው ዝም በል። አንዴ ስጥ። ከዚያ እጅህን ሰብስብ። አንዴ ሰጠሁ። የመጨረሻ ሰዓት ላይ ዋጋ ከገባ ጨረታው ትንሽ ይራዘማል፤ በዚያች ትንሽ ጊዜ ጋሼ ጨመሩብኝ። እጄን ሰበሰብኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሐሙስ ቤቷ ገባች ብዬ። ሲመሻሽ ተሻግሬ ልላጭዎት ልላቸው ጫማዬን ሳስር ነው የፖሊስ መኪና የመጣው።»

«አጫራረታቸው አልገረመህም?»

«ገርሞኛል። ጋሼ እንዲህ አይጫረቱም። ናፍቆት ነው ብዬ ተውኩት።»

ሁለት ሰዎች ናቸው አሁን። አንዱ ጠላት፣ አንዱ ተማሪ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አሉኝ። የጋሼ መነጽርም ማኅደሩ ውስጥ ተከድኖ ነበር። ያለ እሱ አውራ ጣታቸውን የማያዩ ሰው ከሰዓት ሙሉ እንዴት ስክሪን ላይ ዋጋ ያስገባሉ?

«ሌላ ምን አስተማሩህ?» አልኩት፤ ለመሄድ ተነሥቼ ነበር።

«ፎቶውን አስቀድመህ አጉልተህ እይ ይላሉ። ዕቃውን አይደለም፤ ሻጭ ዕቃውን ወልውሎ ነው የሚያቀርብልህ። ዙሪያውን እይ። ሻጩ ማን እንደሆነ ዙሪያው ይነግርሃል።»

* * *

የሐሙስን ፎቶ ከቶሎ ጋር አጉልተን አየነው። ምላጯ ተከፍታ ተጋድማለች፤ ጀርባዋ ላይ ስሟ በግልጽ ይነበባል። የሻጩ ስም የሚባለው ነገር ቁጥር ብቻ ነው። ዙሪያውን አየሁ። ከምላጯ ሥር ቢጫ የሱፍ አበባ አለ። ከአበባው ጎን ደግሞ፣ የፎቶው ጠርዝ ሊቆርጠው ጥቂት ሲቀረው፣ በሲጋራ የተቃጠለ ቀዳዳ ይታያል።

«ቶሎ» አልኩ።

«አቤት፣ አለቃ።»

«ጋሼ ሰኞ ዕለት አልተጫረቱም። የወንድማቸውን ጠረጴዛ ልብስ ካወቁ በኋላ የራሳቸውን ምላጭ ለምን ይገዛሉ? የተጫረተው አካውንቱን የከፈተላቸው ሰው ነው፤ በስልኩ፣ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ፣ በጡረተኞች መሐል ቁጭ ብሎ። ያን ጊዜ እሳቸው ሞተዋል።»

ቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ፎቶውን እንደገና አጎላው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ወንድምየው ጥቁር ልብሱን እየተኮሰ አገኘነው። ሻይ ልጥድ አለ፤ ይተዉት አልነው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ የሲጋራ መተርኮሻውን በሁለት እጄ አነሣሁት። ቀዳዳው ከሥሩ ነበር።

እሱ መተኮሻውን ከሶኬት ነቀለ። ሸሚዙ እንዳይቃጠል ቀና አድርጎ አቆመው። ከዚያ ተቀመጠ።

«ጠረጴዛ ልብሱን ለምን አልጣሉትም?» አልኩት።

«ደህና ጨርቅ ነው» አለ። «ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

የዕቃ ቤት ሰው ደህና ዕቃ አይጥልም። ሐሙስም መሳቢያው ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ ተገኘች።

«ወንድም ጋሼ ናቸው ያቃጠሉት» አለ ቀዳዳውን በጣቱ እየዳሰሰ። «ሲጋራ ያጨሱ በነበረ ጊዜ። አንድ ወር ሙሉ አኮረፍኳቸው። ሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ‹ፎቶውን ሳጎላው ምላጯን አይደለም፤ የራሴን ሲጋራ ነው ያየሁት› አሉኝ። ‹ና› አሉኝ።»

«ያኔስ ለምን ሰረቋት?»

«አባታችን ሣጥኑን እንዳለ ለሳቸው ሰጡ። ሰባት ቀን ሲኖር ለኔ አንድ ቀን እንኳ አልደረሰኝም።» ይህን ሲል ድምፁ የሽማግሌ ሳይሆን የልጅ ድምፅ ሆነ። «ላያት ነበር እንጂ ልሸጣት አልነበረም። አሁን ግን ዕድሜ ሄደ፤ ማን ያስታውሳል ብዬ ነው ያወጣኋት።»

«ሰኞ ስትገናኙ ምን ተባባላችሁ?»

«ማክሰኞን እየሳሉ ነበር። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ‹ማዶን እንጥራውና እግሩ ላይ እንውደቅ› አሉ፤ ‹ሁለታችንም፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን።› እሳቸው ቢወድቁ እኮ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ያነሣቸዋል። እኔን ማን ያነሣኛል? ተዉኝ አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹የኔን እግር ተወው፤ የሱን ነው› ብለው ምላጯን አስቀምጠው ስልክ አነሡ።»

ቶሎ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን በእጁ ብቻ ነው ያሳየን፤ ምላጯን ባነሣበት እጁ።

«ከዚያ ስብሰባ ሄዱ።»

«የት ልሂድ? በሕይወት ያሉ መምሰል ነበረባቸው። አንድ ሰው ዋጋ በጨመረ ቁጥር በሳቸው ስም እኔም ጨመርኩ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ማዶ ገባ።» በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «እሱ ካሸነፈ ዕቃውን ወደሱ መላክ አለብኝ። እጁ ላይ ከገባች አለቀልኝ። ጨመርኩ። ያ ሰውዬ ደግሞ አልመልስ አለኝ። አንዴ ቢመልስ ምን አለበት! እጁን ሰበሰበ፤ እኔ ላይ ቀረች።»

የሰረቀውን ዕቃ በሞተ ወንድሙ ስም ከራሱ ገዝቶ ቁጭ አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰምቼ ለአንድ ሳምንት እስቅ ነበር።

«ሁሉም ነገር ያለቀው ለስም ብለው ነው ማለት ነው» አልኩት።

«ሌባ መባልን ሞክረውት ያውቃሉ?» አለኝ።

«እኔ አላውቅም። ማዶ ግን ያውቃል።»

* * *

ሐሙስ ጠዋት የሆስፒታሉ አስከሬን ክፍል ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር። ሐሙስ ኤግዚቢት ናት፤ ፈርሜ ነው ያወጣኋት። አዛዡ «በማን ኃላፊነት?» ሲለኝ «በኔ» አልኩት፤ ፊቴን አይቶ ሌላ አልጠየቀኝም። ሣጥኑንም እንዲሁ ፈርሜ ለልጅቱ ሰጠኋት፤ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ማዶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግባ እስክንለው የሚጠብቅ መሰለኝ።

ልጅቱ ወደሱ ሄደች። ዕድሜዋን በሙሉ ሌባ ስትለው የኖረችውን ሰው ምን ልትለው እንደምትችል እኔም አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ እግሩን ልትይዝ ስትል ቀድሞ በክንዶቹ ያዛት።

«ተይ፣ ልጄ። ጋሼ ያዩናል።»

እጅጌውን ሰበሰበ። ሙቅ ውሃ ጠየቀ፤ «ቀዝቃዛ አይወዱም» ብሎ። ፎጣውን አንገታቸው ላይ፣ ቁስሉ እንዳይታይ፣ በቀስታ አደረገ። የሳሙናውን አረፋ በክብ በክብ ቀባ። ከዚያ ሐሙስን ከፈታት።

ከጆሮ ግንድ ጀምሮ ወደ ታች፣ ቆዳውን በአውራ ጣቱ ወጠር እያደረገ፣ አንዳንዴ እንደ ድሮው «ቀና ይበሉልኝ» ሊል አፉን ከፍቶ እየተወው፣ ሙሉ ፊታቸውን ላጫቸው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የምላጯ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጅቱ ታለቅስ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ሲጨርስ ሐሙስን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጠፋት። ልጅቱ ሣጥኑን ከፈተችለት። ማረፊያዋ ላይ አስቀመጣት፤ ልክ ገባች።

ሣጥኑ ግን ዛሬም አልሞላም። ማክሰኞ ደም እንደነካት ኤግዚቢት ክፍል ናት፤ ቦታዋ ባዶ ነው። ሦስታችንም ያንን ባዶ ቦታ አየነው።

«ስለቴ ገባ» አለ ማዶ በመጨረሻ፣ ለራሱ ያህል።

በሩ ላይ የቆመው ቶሎ ማስታወሻ ደብተሩን በእጁ ይዟል። አልከፈተውም።